የሳኖባር የኋላ መስኮት

ማርጊላን ውስጥ ሙሽራ የሚያደርስ ሾፌር ሞልቷል። ሴት ሾፌር ግን ሳኖባር ብቻ ናት። ከተማው በሙሉ "ኦፓ" ይላታል፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት። በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ እንደዛ ይሏታል፤ የራሳቸውን ዕድሜ ለመደበቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው!

ባሏ ሲሞት አንዲት ነጭ አሮጌ የጀርመን መኪና ትቶላት ነበር። የባሏ ወንድሞች "ትሸጥ" ብለው ተሰብስበው መጡ። "ቆይ፣ መጀመሪያ እናንተን ገበያ ላውጣና ገዢ ከተገኘ እናያለን" አለቻቸውና መሪው ጋ ቁጭ። ከዛ ወዲህ እናቶች ልጃቸውን ለሌላ ሾፌር መስጠት ተዉ። ወንድ ሾፌር ሙሽራዋ ስታለቅስ ከሰማ ሙዚቃውን ይጨምራል። ሳኖባር ግን "አልቅሺ እናቴ፣ ደህና አድርገሽ አልቅሺ፣ ኩልሽን ብቻ በዚህ ያዥው" ትልና ሶፍት ወደኋላ ትወረውርላታለች።

ዘንድሮ ቆቢል የሚባል ሾፌር መጣ። ጥቁር አዲስ መኪና ገዛና አንገቱን እንኳ ሳያዞር መንዳት ጀመረ። "የኔኛዋ እኮ በድምፅ ነው የምትታዘዘው" ይላል አፍንጫውን ነፍቶ። ሚስቱ በጩኸትም አትታዘዘውም፣ እሱን አይናገርም።

እንግዲህ የሐምሌ ቅዳሜ ነው፤ በማርጊላን ሐምሌ በጋ ነውና ሙቀቱ ምላስ ያስወጣል። የሆጃር ልጅ ሞህላር ልትዳር ነው። የሙሽራው ወገኖች መጥተው ፓሎቩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሩዙን ከነሥጋው በልተው ሲነሱ ሙሽራዋን ይዘው ይሄዳሉ። ሞህላር "ከኦፓ መኪና ውጭ እግሬን አላነሳም" ብላለች። ሳኖባርም መኪናዋን አጥባ፣ ሪባን አስራ፣ ለማንኛውም ብላ የኋላ ቀኙን መስኮት መጫኛ ቁልፍ ነካ አደረገችው።

ዝም።

ደግማ ተጫነች። መስታወቱ ፍንክች የለም።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሙሽራ የጫነ መኪና በሩ አንዴ ከተዘጋ ሙሽራው ደጃፍ እስኪደርስ አይከፈትም። መንገዱ ላይ ደግሞ ጎረምሳው ሁሉ ገመድ ወጥሮ ይጠብቃል። ሙሽራዋ አጠገብ የምትቀመጠው ዘመድ በኋላ ቀኙ መስኮት መሐረብና ጣፋጭ ካልወረወረች ገመዱ አይለቀቅም። በፊተኛው ወይም በግራው መስኮት ቢወረወርስ? አይቀበሉም። በሩን ከፈት አድርጎ መስጠትስ? እሱማ የባሰ ነው፤ "ትዳሯ ገና ከመንገዱ አፈተለከ" ይባልና አማቷ እስክትሞት ታወራዋለች።

በአንድ አፍታ መኪናዋ ዙሪያ ግማሽ ሰፈር ተሰበሰበ። አንዱ "ባትሪ ነው" ይላል። ሌላው "ቡዳ በልቷት ነው" ይላል። ቆቢል እጁን ኪሱ ከቶ መጣና ራሱን ነቀነቀ።

"የመስኮቷ ሞተር ተቃጥላለች። ነፍስ ይማር።"

ሆጃር ሳኖባርን ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። "ኦፓ፣ እንደምወድሽ ታውቂያለሽ። ግን ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት። ፓሎቩ ሲነሳ መስኮቱ ካልወረደ በቆቢል መኪና ትሂድልኝ።"

ሳኖባር ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ዛሬ አንዲት ሙሽራ ሰው እያየ ከሷ መኪና ወደ ቆቢል መኪና ከተሻገረች፣ ነገ ማንም ልጁን አይሰጣትም። ያቺ ነጭ መኪና ከነገ ጀምሮ ሽንኩርት ጫኝ ሆነች ማለት ነው።

"ፓሎቩን ቀስ ብለው ይብሉልኝ" አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

መጀመሪያ ሌሎቹን መስኮቶች ሞከረቻቸው። ሁሉም ወረዱ፣ ሁሉም ወጡ። "ባትሪ ያልከው ሰውዬ፣ አንተ ወደ ፓሎቭህ።" ቀጥላ የግራውን በር መጫኛ ፈልቅቃ አወጣችና ቀኙ ላይ ሰካችው። አሁንም ዝም። እንግዲያው መጫኛውም ንጹሕ ነው። ንድድ ብሏት በሩን በጥፊ መታችው፤ እጇን ስታሸው ቆቢል በአፍንጫው ሳቀ።

ያን ጊዜ ነው ዳሽቦርዱን ልብ ያለችው። መጫኛውን ስትጫን መብራቱ ድክም ይላል፤ ስትለቀው ይነቃል።

"ጸጥ በሉ!" አለች። ለሠርጉ ረጅሙን መለከት የሚነፉት ሰዎች ጉንጫቸው እንደተነፋ ቀሩ። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ተጫነች። ከውስጥ "እህህህህ" የሚል ተሰማ፤ የሆጃር ባል ከወንበር ሲነሳ እንደሚያሰማው ያለ።

"ቆቢል፣ ና እስቲ ስማ። ሬሳ ያቃስታል እንዴ?"

ሰዉ ሳቀ። ቆቢል "እያጣጣረች ነዋ" ብሎ ሸሸ።

ሞተሯ ካለች፣ ኃይልም ከደረሳት፣ መስታወቱን የያዘ ነገር አለ ማለት ነው። ሳኖባር ካቻቢቴዋን አነሳችና የበሩን ሽፋን መፍታት ጀመረች። ግማሹን እንኳ ሳትፈታ ጉንዳን ተሰልፎ ወጣ። የሙሽራ አጃቢ ይመስላል። ሽፋኑ ሲነሳማ ሽታው ጣፋጭ ቤት! መስታወቱ የሚሮጥበት ሐዲድ ከላይ እስከ ታች በቀለጠ ከረሜላ ተለስኗል፤ ወረቀቱ ሳይቀር አብሮ ተጣብቋል።

ሳኖባር ቀና ብላ ሴቶቹን አየቻቸው። ሴቶቹ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽራ ስትወጣ መኪናው ላይ ከረሜላ ይበተናል። እነዚህ አክስት ተብዬዎች ታዲያ አነጣጥረው በመስታወቱና በበሩ መሀል ባለችው ቀዳዳ ነው የሚከቱት። የገባችላት ሙሽራ ቶሎ ታረግዛለች ተብሎ!

"ይሄ ሁሉ የማን ነው?"

"የኔ አንድ ብቻ ናት ኦፓ" አለች የሆጃር እህት፣ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና።

"የሷ የገባችላት ሙሽራ መንታ ወልዳለች" አለች ሌላዋ ፈጥና። "እናስ፣ አልሠራም ልትዪ ነው?"

"እንደሠራማ አየሁት! ሙቅ ውሃ አምጡ፣ ቶሎ!"

"ውሃው ሁሉ ሻይ ሆኗል።"

"ከነሻዩ አምጡት። ይቺም እንግዳ ናት፣ ትጠጣ።"

በራድ በበራድ ላይ መጣ። ሳኖባር ሞተሯን በፌስታል ጠቀለለቻት፣ ጨርቅ በአረንጓዴው ሻይ እየነከረች ሐዲዱን ማሸት ያዘች። ስኳሩ መጀመሪያ ላብ አለው፣ ከዛ ተዝለገለገ፣ ከዛ እንደ ማር ወረደ። አክስቶቹ ራሳቸው በሹካ ወረቀት እየለቀሙ ያወጣሉ። ይሄኔ የሙሽራው አጎት ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ከግቢ ወጣ። ፓሎቩ ተነስቷል! ቆቢል ሞተሩን አስነሳ፣ ሆጃር ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣች።

"ኦፓ፣ በቃ..."

"አንዴ!" አለችና ሳኖባር በሻይ በጨቀየ ጣቷ ተጫነች።

እህህህ... ቅጭ! መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ አመነታ፣ ከዛ ሸርተት ብሎ እስከ ታች ወረደ። ተጫነች፣ ወጣ። ደግሞ ወረደ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ የመለከቶቹ ሰዎች የያዙትን ትንፋሽ ባንዴ ለቀቁት።

"ዕድል ነው" አለ ቆቢል።

"ይሁንልህ። ያቺን በድምፅ የምትታዘዘዋን መኪናህን ግን 'ዞር በይ' በላት፣ መውጫዬን ዘግታለች።"

ሽፋኑን ገጥማ ሞህላርን ጫነች። ገና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ገመዱ ተወጥሮ ቆሟል፤ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበርና ጎረምሶቹ ከወዲሁ ይሳለቃሉ።

"ኦፓ፣ አትወርድም አሉ! በሩን ክፈቺና እንገላገል!"

ሳኖባር አላየቻቸውም። ጣቷን ብቻ ጫን አደረገች። መስታወቱ እንደ ቅቤ ወረደ፣ መሐረቡና ጣፋጩ በላያቸው ዘነበ፣ ሳይለቅሙ መስታወቱ ወጣ፣ ገመዱ ወደቀ። ለማልቀስ ተዘጋጅታ የነበረችው ሞህላር በሻሽዋ ውስጥ በሳቅ ተንፈራፈረች።

"ኦፓ፣ በሚቀጥለው ገመድ እኔ ልጫነው?"

"ተጫኝው እናቴ! ዛሬ ያንቺ ነው።"

ሙሽራው ደጃፍ ሲደርሱ ከወገኖቹ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጥታ በሾፌሩ መስኮት አንገቷን አስገባች።

"ኦፓ፣ የኔን ልጅ በመስከረም ታደርሺልኛለሽ?"

"ከኋላሽ ያሉት ቀድመው ጠይቀውኛል" አለች ሳኖባር ክላክሷን እያንባረቀች፤ "ተራ ያዢ!"