የዜሃቫ ሹክሹክታ

ዜሃቫ ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማረች ጡረተኛ መምህርት ናት። የሹዋ በምንለው በኢየሱስ መሲሕነት የምናምን እኛ የሃይፋ አይሁድ ግን በሰንበት የኦሪቱን ጥቅልል ለሴት አንሰጥም። የሚያነብልን ሽማግሌያችን ሴምዮን ነው። ከሩሲያ ሲመጣ የዕብራይስጥ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ነች። ጥቅልሉ አናባቢ ምልክት ስለሌለው ዛሬም ይደናቀፋል፤ እሷም ከፊተኛው ወንበር ቃሉን ሹክ ትለዋለች።

አንድ ሰሞን፣ "ባሕሩ የተከፈለበትን ክፍል እስቲ እኔ ላንብበው" ብላ ጠየቀችው።

"እህቴ፣ በመሲሑ ፊትማ ወንድም ሴትም እኩል ነው" አላት። "ማንበብ ግን ሥርዓት አለው።"

ሰንበት ደረሰ። ነቢይቱ ማርያም ከበሮዋን ያነሣችበት ቦታ ላይ ሲደርስ አንደበቱ ተሳሰረ። ዜሃቫ ዝም አለች። ጉባኤው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠባት። ቅዱሱ ቃል መሃል ላይ ሲቋረጥ አላስችል አላት፤ ተነሥታ ቃል በቃል ነገረችው፣ እሱም እንደ በቀቀን እየተከተለ ጨረሰ።

ሲያበቃ ተሰልፈን የሴምዮንን እጅ ጨበጥን። "አፍህ ይባረክ!" አልነው። እኔም ብያለሁ፣ አፌን ይያዘው።

እሷ ምሳ ልታቀርብ ኩሽና ስትገባ ተከተላት። ሊያመሰግናት መስሎኝ ነበር።

"እህቴ" አላት፣ "ለወደፊቱ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊው፤ ለሰው ይሰማል።"