ዝም ያለ መስመር

ከአዲስ አበባ የመጣችው የኮምፒውተር ባለሙያ የሚሰፋትን የወንድ ካፖርት እጅጌ ጠቅልላ ሥራዋ ላይ አቀርቅራለች። የቤተ ክርስቲያኑን የመጻሕፍት ክፍል ቁልፍ የያዙት የኔታ አረጋ በሩ ላይ ሆነው ያስተውሏታል። ዲያቆናት የሚያነሡት የብራና መጻሕፍቱ ፎቶ ላሊበላ፣ ሙጃና ኩልመስክ ባሉ፣ በኔትወርክ በተያያዙ ኮምፒውተሮች ተከፋፍሎ ተቀምጧል። በጾም ቅዳሴው ከቀትር ያልፋልና ዲያቆናቱ ሥራቸውን እንደከፈቱት ትተው ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ሲስተሙ ግን ዝም ሲሉት የሄዱ እየመሰለው መስመሩን ይዘጋባቸዋል። ሲመለሱ የደከሙበት ተቋርጦ ይጠብቃቸዋል፤ በዚህ ኔትወርክ ደግሞ እንደገና መገናኘት አበሳ ነው።

እሷም ቅዳሴ እስኪያልቅ እንዲታገሥ አድርጋ አስተካከለችው። አለቃዋ በስልክ ጮኸባት።

«ሥራ የፈታ መስመር ቶሎ ይዘጋ ብያለሁ!»

«አልዘጋም! ከፈለግህ እዚህ መጥተህ ራስህ ዝጋው!» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ከዚያ ከካፖርቱ ኪስ ቁልፎቹ የተፋፋቁ ሌላ ሞባይል አውጥታ ቻርጅ ላይ ሰካችው። የኔታ ይህን ስልክ በመጣች ቁጥር ስትሰካው ያያሉ፤ ሲጮህ ግን ሰምተው አያውቁም።

«ልጄ፣ ይኼኛውን እንኳ ብታጠፊው ምናለ?»

ድምፁ ከጠፋ የቆየውን የባሏን ካፖርት ወደ ደረቷ ሰብስባ ቀና አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ፣ ዝም ያለ ሁሉ ሄዷል ያለው ማን ነው?»