ደጅ የማይስተው ፈረስ

ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሽምግልና ወጣን። የልጅቷ አባት ባለፈው «ዘመድ ላማክር» ብለው ስለመለሱን ልቤ አላረፈም። ያን ዕለት ደግሞ አሰላ ውስጥ ባጃጅ አጣን። ነጭ ጋቢያችንን እንደለበስን ጋሪ ላይ ወጣን።

የልጅቷ ሰፈር ስንደርስ፣ የመጀመሪያው ደጅ ላይ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለጋሪው ቢጮህበት፣ ቢለምነው ንቅንቅ አልል አለ። አንዲት ሴት ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ይዛ ወጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ዛሬስ ጋቢ ለብሳችሁ ነው የምትሰበስቡት?» ብላን ገባች። ፈረሱ ወዲያው መንገዱን ቀጠለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት ባለጋሪውን።

«ይቅርታ አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ከየቤቱ ቆሻሻ የምንሰበስበው በሱ ነው። ሳይቀበል አይሄድም።»

በየደጁ ቆመ። ያ ሰፈር ድሮ ቆሻሻውን ቦይ ውስጥ ነበር የሚደፋው፤ አሁን የፈረሱን ኮቴ ሲሰማ ማዳበሪያውን ይዞ ይወጣል። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ! ያን ዕለት ግን ጋቢዬን ሰብስቤ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ስጋፋ ዋልኩ።

የልጅቷ ቤት ስንደርስ ፈረሱ ማንም ሳያዘው ቆመ። አባትየው ማዳበሪያቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ ሲያዩን ደነገጡ። ወርደን እንደ ወጉ ቆምንና፣ መልሳቸውን ሳንሰማ እንደማንቀመጥ ነገርናቸው።

አንዴ እኛን፣ አንዴ ፈረሱን አዩ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይሄ ፈረስ እንኳ ከደጄ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። እናንተንማ እንዴት ልመልሳችሁ? ግቡ!»