በቁሙ የተለቀሰለት

እንዳለው ያልሞከረው ሥራ አልነበረም። ላሊበላ ላይ ለገና የሚመጣውን ተሳላሚ ፎቶ እያነሳ ጀመረ፤ ከዚያ ሠርግ ቀረጸ፣ ለሬዲዮ ተረት አነበበ፣ ስለ እጅ መታጠብ ድራማ ሠርቶ በየቀበሌው አሳየ፣ ዩቲዩብም ከፈተ። ቱሪስት ጠፍቶ ከተማው ጭር ሲል እንኳ «ካሜራ የያዘ አይራብም» ይል ነበር። አፉማ መቼ ያርፍና! ሰው ያደረገው ግን ስለ ላስታ ሙሾ የሠራው ዘጋቢ ፊልም ነው። የጎዳውም እሱው ነው።

አክስቱ ሽታዬ በአገሩ የታወቁ አስለቃሽ ናቸው። እሳቸው ሙሾ ያወረዱ እንደሆነ ባዕዱም እንደ ዘመድ ያነባል። እንዳለው እውነተኛ ለቅሶ ላይ ካሜራ ይዞ መግባት ነውር ሆነበትና አንድ ጠዋት ቤታቸው ሄዶ «እስቲ እዚሁ ያልቅሱልኝ» አላቸው።

«ማን ሞቶ?» አሉ ደንግጠው። «ያለ ሬሳ ሙሾ ሟርት ነው፣ ልጄ። ስም ሳይጠራስ ምኑን ሙሾ ሆነ?»

«የኔን ስም ይጥሩ! ስሙ ስለተጠራ የሞተ ሰው አለ እንዴ?»

እምቢ አሉ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። የእህት ልጅ ነው፤ እሱን መከልከል መቼም አያውቁበትም። ነጠላቸውን አደግድገው ደረታቸውን እየደቁ ጀመሩ፦

«እንዳለው እንዳለው እያልሁ ብጣራ፣
አፈር ለበሰ አሉኝ ያ የቤቱ አውራ።»

ሲጨርሱ እንባቸው የምር ነበር። እንዳለው ፊልሙ ላይ በራሱ ድምፅ «ማንም ሳያዛቸው ከሆዳቸው ያፈለቁት» ብሎ ተረከው። አዲስ አበባ ላይ የተሸለመውም «ምንም ያልተቀነባበረ» ተብሎ ነው።

እናቱ አመተ ማርያም ፊልሙን ጎረቤት ስልክ ላይ አዩት። አንድ ልጃቸው በቁሙ ሲለቀስለት! ጨርቄን ማቄን ሳይሉ እህታቸው ቤት ደረሱ። ሽታዬ «ስሜን ይጥሩ ያለኝ ልጅሽ ነው» ቢሉ ማን ሊሰማቸው። እናት ልጃቸውን አስጠርተው ፊት ለፊት አቆሙት።

«እውነት ነው?»

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አዎ ቢል የፊልሙ ውሸት ሊወጣ ነው፣ ሽልማቱም መሳቂያ ሊሆን ነው። «እኔ እንኳ አላስታውስም» አለ። ምነው ያኔ አፉን በቆረጠው!

«በአሸተን ማርያም ይዤሻለሁ፣ ሬሳዬ አጠገብ እንዳትደርሺ» አሉ እናቱ ለእህታቸው። አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ መንደር እየኖሩ፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። እንዳለው ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል፣ አንዱ ቀረጻ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ሌላው ወደ ደሴ ሲወስደው፣ ባለፈው ሚያዝያ እናቱ በሦስት ቀን ሕመም አረፉ።

የቀብሩ ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ዓይኑ መንገድ መንገዱን ነበር። ሽታዬ መጡ። ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፤ ቃሉ ይዟቸዋል። ውስጥ ያሉት ሴቶች ሙሾውን አንድ ሁለቴ ሞከሩት፣ አልቀና ሲላቸው ተዉት። አመተ ማርያም ያለ ሙሾ ሊሸኙ ነው። እንዳለው ሮጦ ወጥቶ አክስቱ እግር ላይ ተደፋ።

«እኔ ነኝ! ስሜን ይጥሩ ያልሁት እኔ ነኝ፣ ሕዝቡም ይስማ! ዋሽቻታለሁ! እባክዎ ይግቡና ያልቅሱላት!»

ሽታዬ ደግፈው አነሡት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ለእሱ የባሰበትም ይኸው ነው።

«እኔማ አውቀዋለሁ፣ ልጄ» አሉት። «መንገሩስ ለሷ ነበር።»