የማግኔቱ ፈረሶች

በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከልጁ በቀር ሰው ሁሉ «ጋሽ ምንም» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን አለው፤ በማሽኑ የሚለካው ጋሽ ምንም ነው። ማሽኑ ወለሉ ውስጥ የተቀበሩ፣ የሚሽከረከሩ ወፋፍራም የብረት ሮለሮች ናቸው። መኪናው ጎማውን እላያቸው ላይ ያሳርፍና በቀበቶ ግራና ቀኝ ይጠፈራል፤ ከዚያ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጣል። መኪናው ባለበት ቆሞ ይጋልባል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ሞተሩ የስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው ያሳያል።

ሰዎች አዲስ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ወይም አዲስ የአየር ማጣሪያ አስገጥመው ይመጣሉ። የዕቃው ካርቶን ላይ «እስከ ሃያ ፈረስ ይጨምራል» የሚል በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ጋሽ ምንም ለክቶ ሲያበቃ ባለመኪናው አንገቱን አስግጎ «እህ፣ ምን ጨመረ?» ይላል።

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ድምፁን አልሰማህም እንዴ?»

«ድምፁ ጨምሯል።»

ይህን ሲል አይስቅም፣ አያሾፍም። ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ያለሳልሰው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዱ ደንበኛ ካርቶኑን አፍንጫው ሥር ደቅኖ ሲሟገተው፣ በጣቱ «እስከ» የምትለዋን ቃል ነክቶ «ዜሮም እስከ ሃያ ውስጥ አለች» አለው። ያቺ አነጋገሩ ከጋራዥ ጋራዥ ዞራ ለብዙ ጊዜ መሳቂያ ሆነች። እሱ ግን ቀልድ መናገሩን እንኳ ልብ ያለው አይመስልም ነበር።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ታድሰው የሚወጡ ሞተሮችን ይፈትሽ በነበረበት ጊዜ ሳቂታ ሰው ነበር፤ እያፏጨ ነው የሚሠራው። ድርጅቱ ሲዘጋ ሚስቱ ወንድሟን «ባሌን ቤት አታስቀምጥብኝ፣ ያፈርሰዋል» ብላ ለምና አስቀጠረችው። አንድ ቀን ጠዋት ያቺው ሚስቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ጎረቤት ጠርቶት ሲደርስ ነፍሷ ወጥታለች። ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል። መጀመሪያ ያደረገው ቧንቧውን መዝጋት ነበር። ከዚያ መሬት ላይ የተበተኑትን የልብስ መቆንጠጫዎች አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተተ። ከዚያም ቁጭ አለ።

ሰው ሁሉ ያለቅሳል ብሎ ጠበቀው። አላለቀሰም። «ሐዘኑ ወደ ውስጥ ገብቶበት ነው፣ ይወጣለታል» አሉ። አልወጣለትም። ደህና ይበላል፣ ደህና ይተኛል፤ ግን ልጁ ወጥ ላይ ጨው ረስታ እንደሆነ የምታውቀው ራሷ ስትቀምሰው ነው። ልጁ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ማታ ከሥራ ስትመለስ «አባዬ፣ ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች፤ «ደህና ነው» ይላታል። ውሸት አልነበረም። ሲያስበው ደህና ያልሆነ ነገር አላገኘም። ሰውነቱ ልክ ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆኖበት ነበር፤ ሰው ሲነካው መነካቱን ያውቃል፣ ሕመሙ ግን የለም።

እንዲህ እያለ ባለሱቁ አማቹ አዲስ ዕቃ አመጣ። በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር፣ ክብሪት የሚያህል ማግኔት ነው። ነዳጁን «ያስተካክላል» ተባለለት፤ አሥራ አምስት ፈረስ ይጨምራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ባለሱቁ በሆዱ ጥርጣሬ ቢኖረውም ዕቃው አንዴ ገብቷል፣ መጋዘኑ ሞልቷል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ደንበኞቹን ሁሉ ጠርቶ እፊታቸው ሊያስለካ አሰበ። ዋዜማውን ጋሽ ምንምን ወደ ማሽኑ ክፍል ወሰደና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ስማኝ» አለው። «መጀመሪያ ያለ ማግኔት ስትለካ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ኮፋኖውን አትክፈት። ጎማውንም ትንሽ አየር አስተንፍሰው፤ ቁጥሩ ዝቅ ይበል። ከዚያ ማግኔቱን ታስርና ኮፋኖውን ከፍተህ፣ ማራገቢያውን ለቀህ፣ ጎማውን ነፍተህ ትለካለህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ውሸት እኮ አይደለም። ማሽኑ ያለውን ነው የምናሳየው።»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

ባለሱቁ «ገባኝ» ማለቱን «እሺ» እንደማለት ቆጠረው። ጋሽ ምንም ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ራሱም አያውቅም ነበር። እምቢ ለማለት የሚያበቃ ንዴት አልመጣለትም፤ እሺ ለማለት የሚያበቃ ፍርሃትም እንዲሁ።

ቅዳሜ ክፍሉ በሰው ጢም አለ። ባለሱቁ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ እጁን እያፍተለተለ ይስቃል። ጋሽ ምንም የሱቁን መኪና ሮለሩ ላይ አወጣ፣ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያም እጁ እንደለመደው ሄደ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቀ። ጎማውን ለካ፣ ጎደሎውን ሞላ። ኮፋኖውን ከፈተ፣ ማራገቢያውን ለቀቀ። ባለሱቁ ከሰው ጀርባ ሆኖ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። ጋሽ ምንም ያለ ማግኔት ለካ፤ አስሮ ለካ፤ ደግሞ ፈትቶ ለካ። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተው አንድ ወፍራም መስመር መሰሉ።

«ምን ጨመረ?» አለ አንዱ ከኋላ።

መልሱን ሁሉም ስለሚያውቁት አብረው መለሱለትና ሳቁ።

ሳቁ ሳያልቅ አንድ የታክሲ ሹፌር ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ፊት ወጣ። ባልደረቦቹ «ነፋሱ» ነው የሚሉት። ማግኔቱን ሌላ ቦታ ገዝቶ ካሰረው ሰነባብቷል።

«ጋሽ ምንም፣ እኔ ደግሞ ምስክር ነኝ» አለ። «ዳገት ላይ ማርሽ ሳልቀንስ ነው የምወጣው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«አምጣና እንየው።»

ታክሲው ወጣ፣ ተለካ፤ ማግኔቱ ተፈታ፣ ደግሞ ተለካ። ሲፈታ እንዲያውም ቁጥሩ በአንዲት ፈረስ ከፍ አለ። ጋሽ ምንም «ይቺን አትቁጠራት» አለው፤ «ሳይነኩትም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል።»

ነፋሱ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ማግኔቱን ተቀብሎ ኪሱ ሊከት ሲል ሐሳቡን ቀየረና መልሶ ቱቦው ላይ አሰረው።

«እርስዎ ያዩትን አዩ» አለ፣ ሳይቆጣ። «እኔ ግን ይሰማኛል። መሪው ላይ ሁሉ ነው የሚሰማኝ። ጠዋት ስነሳ ደስ ብሎኝ ነው የምነሳው።»

ጋሽ ምንም ፊቱን አየው። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። ይኼ ሰው የሌለውን ነገር እንዲህ ደህና አድርጎ ይሰማዋል፤ እኔ ያለው እንኳ አይሰማኝ፣ አለ በልቡ። ቅናት ቢሆን ኖሮ ደስ ባለው ነበር። አልሆነም፤ ሐሳብ ብቻ ሆኖ መጣና አለፈ።

ሰው ሲበተን ባለሱቁ በሩን ዘጋው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አንድ ነገር ለመንኩህ። አንድ ነገር።»

«አዎ።»

«እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ተሟግተህ፣ ሰድበኸኝ።» ሸሚዙን አንገቱ ላይ ፈታ አደረገ። «እህቴ የሞተች ዕለት ቧንቧ ነው የዘጋኸው። አይቼሃለሁ፣ በበሩ ስገባ ጣትህ ቧንቧው ላይ ነበር። አንዲት እንባ አላወጣህላትም። ለዚህች የብረት ቁራጭ ግን ሐቀኛ ትሆናለህ?»

«ሐቀኝነት አይደለም» አለ ጋሽ ምንም። «እጄ የሚያውቀው እንደሱ ስለሆነ ነው።»

«እና እሷስ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

ባለሱቁ የባሰ መልስ ጠብቆ ነበር። ይኼ ሲመጣለት በሩን ከፍቶ ወጣ።

ማግኔቱ አልሸጥ አለ። «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ቀለዱበት። ባለሱቁም ሰንብቶ ማሽኑን ለሌላ ጋራዥ ሸጠው። ሠራተኞች መጥተው ሮለሮቹን ነቅለው ሲወስዱ ጋሽ ምንም ብሎኖቹን በየመጠናቸው ለይቶ አስረከባቸው። ጉድጓዱ ላይ የብረት ላሜራ ተጣለበት። እሱም ወደ ፊት፣ ወደ ባንኮኒው ተዛወረ፤ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ጎማና ዘይት መሸጥ ጀመረ። ከባለሱቁ ጋር ከሥራ በቀር አይነጋገሩም። ልጁ ነገሩን ከሰው ሰምታ «አባዬ፣ አጎቴ አስቀይሞሃል?» ብትለው «እኔ ሳላስቀይመው አልቀረሁም» አላት። «ይቅርታ ጠይቀዋ» አለችው። «ምን ብዬ?» አላት።

ዝናቡ ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ሱቁ ጭር ባለበት፣ ባለሱቁ ከመጋዘን ያልተሸጡትን ማግኔቶች በካርቶን ተሸክሞ መጣ። ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሰጣቸው ነው። ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው የካርቶኑ ቂጥ ተቀደደና ማግኔቶቹ ተዘረገፉ። እርስ በርሳቸው እየተሳሳቡ፣ ከባንኮኒው ጠርዝ ብረት ጋር እየተጣበቁ፣ አንድ ትልቅ ጉብታ ሆኑ። ሁለቱም ያላቅቁ ጀመር። አንዱን ሲያላቅቁት ሌላው ይለጠፋል። ባለሱቁ ሳቅ መጣበት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ተለወጠበትና ግንባሩን ባንኮኒው ላይ ደፍቶ ማልቀስ ጀመረ።

«እሷ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር» አለ። «አንተ ጅል ወንድሜ፣ ማግኔት ገዛህ? ነበር የምትለኝ።»

«ትልህ ነበር።»

«ይናፍቀኛል እኮ፣ ስድቧ ሁሉ።»

ጋሽ ምንም በዚያ ሰዓት አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ ይነሳ እንደሆነ ጠበቀ። አልተነሳም። ባንኮኒውን ዞሮ ሄደ፣ ሌላውን በርጩማ ሳበና ከአማቹ ጎን ተቀመጠ። እጁን ትከሻው ላይ ጣለለት። የሰውየው ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሸሚዙ ሞቃት ነው። ደጅ አንድ መኪና ቆመና ጥሩምባ ነፋ፤ ደንበኛ ነው። አልተነሳለትም። መኪናው ትንሽ ጠብቆ ሄደ።