ርክክቡ ከመርዶው ቀደመ

የሥራ ምደባችን የወጣው በዕጣ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው የክፍሌ ልጅ ወረቀቷን ገልጣ «ባሕር ዳር» ስትል በልቤ «የእኔን ወሰደችው» አልኩ፤ ወዲያው ግን ስለ ምቀኝነቴ አማተብኩ። የእኔ ወረቀት ጅማ ይላል። የእኛ አገር ከሞጣ ባሻገር ነው። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ወዲህ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። ባሕር ዳር ቢደርሰኝ በየበዓሉ እየሄድኩ እደግፋቸው ነበር። ጅማ ለእኔ በካርታ ላይ በስተ ግራ ወደ ታች ያለች ነጥብ ነበረች።

አዲስ አበባ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ያስተማሩን አንድ ሽማግሌ መምህር፣ ያልተነበበ መጽሐፍ ከተቀበረ ሰው አይሻልም ይሉ ነበር። አንባቢ በሩን ሲገፋ ቀና ብላችሁ ተቀበሉት፤ የፈለገውን ሳያፍር እንዲጠይቃችሁ አድርጉ እያሉ ይመክሩናል። እኔም ይህን እንደ ወንጌል ይዤ ነው የወጣሁት። ጅማ በገባሁ ማግስት የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቁልፉን ሰጠኝና ከቁልፉ ጋር ወረቀቶች አቀረበልኝ። መጻሕፍቱ፣ ወንበሮቹ፣ ጠረጴዛዎቹ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የመሪዎች ሥዕሎች ሳይቀሩ በስሜ ተመዝግበዋል። ፈርሚ አለኝ፤ ፈረምኩ።

«ጓዲት፣» አለኝ ብዕሩን ከእጄ እየተቀበለ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ የምናውቀው አንቺን ነው።»

ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ዝውውር ደርሶት ሳለ መጻሕፍት ጎድለው ስለተገኙ ክሊራንስ ተከልክሎ ምን ያህል ጊዜ እንደተጉላላ በዚያው ነገረኝ። ስወጣ የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ የተማርኩት የቤተ መጻሕፍት ሙያ፣ የተቀጠርኩት ለዕቃ ግምጃ ቤት ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ አንድ አዳራሽ ሲሆን ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ነበር፤ በአዋጅ ተወርሶ ለሕዝብ ተሰጠ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግድግዳው የቡና ገለፈት ይሸታል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም። መጽሐፍ ለሳምንት ሳይነካ ከቆየ ጀርባው ላይ ሻጋታ ያወጣል፤ በተለይ ማንም የማይወስዳቸው ቀይ ሽፋን ያላቸው ወፋፍራም መጻሕፍት። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እየጠረግሁ ዳዊቴን በቃሌ እደግማለሁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ቁጥር የምቆጥር ይመስለዋል፤ ለዚያ ዘመን ደህና መሸሸጊያ ነበር።

የየዕለቱ አንባቢዬ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። የጅማ ተወላጅ፣ ሰላታቸውን የማያስታጉሉ ሙስሊም፤ ከአጠገባቸው ሰው ጋር በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሰላት በፊት መጥተው ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር ያነቡና መነጽራቸውን ሲያወልቁ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ።

«ኢንተላ ኮ፣» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወረቀቱ የትናንት ነው፤ ወሬው ግን የካቻምና።»

እኔ ዙሪያዬን አይና አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ እስቃለሁ። በዚያ ከተማ ያሳቁኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ የመጻሕፍት ሣጥን ይዤ ከጅማ ብዙ ወደማትርቀው ሰርቦ እሄዳለሁ። እዚያ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሰዎች የሚያነቡባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ልጆቿን አሳድጋ ከጨረሰች በኋላ ማንበብ የተማረች አንዲት ሴት ስለ ጤና አጠባበቅ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ በሻሿ ጠቀለለቻት። ይህን ካየሁ በኋላ የለም ማለት አልቻልኩም። ፊርማዬን እየፈራሁም ቢሆን የመምህሬን ምክር ሰምቼ አዋስኩ። ሣጥኑ ሞልቶ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል።

ጥቅምት ሲገባደድ የአክስቴ ልጅ ደብዳቤ ላከልኝ። አባቴ ደክመዋል ይላል፤ አልጋ ይዘዋል፤ ምግብ እምቢ ብለዋል፤ ሰው በገባ ቁጥር «እሷ ናት?» እያሉ ይጠይቃሉ። ማየቱ ቢቀር ድምፅዋን ልስማ ብለዋል። ደብዳቤውን ይዤ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጠኝ፣ አንብቦም አዘነ። «ይማርልሽ» አለኝ። ነገር ግን ማን ይረከብሻል አለ። ምትክ የለም፤ ቢኖርም የሰርቦዎቹ መጻሕፍት ሳይመለሱ ርክክብ አይጀመርም፤ ሳላስረክብ ከሄድኩ ደግሞ የመንግሥት ንብረት ጥሎ እንደመጥፋት ይቆጠርብኛል።

በማግስቱ ሰርቦ ሄድኩ። ቡና የቀላበት ሰሞን ነበር፤ ከተማው ተዘግቷል። ከቤት የቀረ ሰው የለም፤ ሴቱም ልጁም ለቀማ ወርዶ በየጫካው ጎጆ ጥሏል። በየደጁ እያንኳኳሁ ስዞር የንባብ ክፍሏ ዘበኛ ተከትሎኝ መጣና ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ቡና ሲቀላ ሰርቦ ውስጥ ዶሮ እንኳ አታገኝም። ከገና በኋላ ይምጡ።» ጭቃ በጭቃ ሆኜ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እንደገና ኃላፊውን ለመንኩት። ሰኞ በውይይት ክበብ ላይም አነሣሁት፤ የግል ጉዳይ ነው ተብሎ ታለፈ። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤት ያከራዩኝ፣ አዴ የምላቸው ሙስሊም፣ ደግ ባልቴት ናቸው፤ የጾም ቀኔን ከእኔ በላይ ይጠብቁልኛል፤ ረቡዕ ስሳሳት ሽሮ ሠርተው ያቆዩኛል። ነገሩን ስነግራቸው ተቆጡኝ።

«ወላጅን ለመሰናበት ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ? ተነሺና ሂጂ።»

መሄድ ግን በቃል እንደሚወጣው አልነበረም። የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ይወጣል፤ ቀበሌው ከመሥሪያ ቤት ማስረጃ ይጠይቃል፤ ያለ ይለፍ ኬላ አይታለፍም። እኔም ከልጅነቴ የተከለከለ ደጅ ነክቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ቆሜ «እስክደርስ አቆይልኝ» እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ተስፋዬ ሊያልቅ ደረሰ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገና መስኮቶቹን ስከፍት ኃላፊው ራሱ መጣ፤ ከንብረት ክፍል ሠራተኛውና ከጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ጋር። «ርክክብ እንጀምር» አለኝ። «ፈቃድሽ ተፈቅዷል።» የምይዘው የምለቀው ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ እጁን ልስም ስል እጁን ሰበሰበ። የሰርቦዎቹ መጻሕፍትስ አልኩት፤ ራሴው በሬን እንዳልዘጋ እየፈራሁ። በውሰት ላይ ናቸው ተብለው ይጻፉ አለኝ፤ አለቀ። ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ተራራ የቆመብኝ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናደ። ልመናዬ ተሰማ፣ ሚካኤል ደረሰልኝ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

እኔ ከመደርደሪያው እያወረድኩ የመጽሐፉን ስም እጠራለሁ፤ ታይፒስቷ ምልክት ታደርጋለች። የእሷ ዓይን ቀልቷል፤ ጉንፋን ይዞኛል አለችኝ። ዝንጅብል እንድትጠጣ መከርኳት። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በወትሮው አንድ ወንበር ሲያስረክቡት እግሩን ገልብጦ የሚያይ ነው፤ ያን ቀን የተቀደደ ሽፋን ባሳየሁት ቁጥር «ይሁን፣ ይለፍ» ይላል። እኔ እንደ ልጅ ሆኛለሁ። ከመሰላሉ ላይ ሆኜ እቀልዳለሁ፤ ያንን ሻጋታ ያወጣ ቀይ መጽሐፍ አንሥቼ «ይኼ እንኳ ከእኔ ጋር ሞጣ ቢሄድ ፀሐይ ያይ ነበር» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ፖለቲካ ነክቼ ነው ብዬ ደነገጥኩና ቀጣዩን መጽሐፍ ጠራሁ።

ልብስ ሰፊው በሰዓታቸው መጡ። «አባባ፣ ልሄድ ነው! አባቴን ላይ ነው!» አልኳቸው። ጋዜጣውን አነሡት፤ ሳይገልጡት መልሰው አስቀመጡት። «ዛሬስ ቀልድ የለም?» ብላቸው «ኢንሻ አላህ፣ በደህና ያግባሽ» ብለው ወጡ። ሰላት ረፍዶባቸው መሰለኝ።

ርክክቡ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ፈረምኩ፤ ቁልፉን ሰጠሁ። ከዚያ ገበያ ወርጄ ለአባቴ ምርኩዝ ገዛሁ። የጅማ ጠራቢዎች እንጨት ያውቃሉ። ሰውዬው ለስንት ቁመት ሰው ነው ሲለኝ፣ ለእኔ ቁመት ሠርተህ ትንሽ ጨምርበት አልኩት፤ በቁመት አባቴን ነው የመሰልኩት። ይለፉን ኃላፊው ራሱ በጠዋት አደርስልሻለሁ ስላለኝ፣ በማግስቱ በጠዋት አውቶቡስ ለመሳፈር ልብሴን አዘጋጅቼ ተኛሁ። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የተኛሁበትን አላስታውስም።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። አዴ ለአውቶቡሱ ሊቀሰቅሱኝ መስሎኝ «ነቅቻለሁ» እያልኩ ከፈትኩ። በረንዳው ሰው ሞልቷል። ኃላፊው፣ የንብረት ክፍሉ ሰው፣ ታይፒስቷ፣ ልብስ ሰፊው ቆባቸውን አድርገው፣ የአዴ ጎረቤቶች፣ ደግሞም በቤተ ክርስቲያን ደጅ የማውቃቸው ሁለት ባልቴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በእኛ አገር ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ተሰብስቦ ደጅህ ከቆመ፣ የሚነግርህ አያስፈልግህም። ከባልቴቶቹ ታላቋ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አባትሽ አርፈዋል።»

የእኔን ጩኸት አላስታውሰውም። የማስታውሰው የአዴ ጎረቤቶች ከግራና ከቀኝ ይዘውኝ ደረቴን እንዳልመታ እጄን ሲጫኑት ነው። «አብሽሪ፣ ሰብር አድርጊ፣ የአላህ ሥራ ነው» ይሉኛል፤ የእኛዎቹ ባልቴቶች ደግሞ በጎጃም ዜማ ሙሾ ያወርዱልኛል። የገዛሁት ምርኩዝ በሩ ጥግ ቆሞ ስለነበር፣ ካልሲዋን እንኳ ሳታደርግ የመጣችው ታይፒስት አንሥታ ወደ ጓዳ አስገባችው።

ቀስ በቀስ ነገሩን ነገሩኝ። አባቴ የሞቱት እሑድ ነው፤ በዚያው ዕለት ተቀብረዋል። አጎቴ ሰኞ ከአዲስ አበባ ወደ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ሲደውል እኔን አልጠየቀም፤ ወጉ ነውና አለቃዋን አገናኙኝ አለ፤ ሰው ሰብስባችሁ አርዱልኝ ብሎ አደራ ሰጠ። እነሱም መከሩ። መርዶ ከሰማች በኋላ መጽሐፍ ቁጠሪ አትባልም፤ ካላስረከበች ደግሞ አትወጣም። እንግዲያው መጀመሪያ ታስረክብ፣ ከዚያ ይነገራት ተባለ። ስለዚህ እኔ መሰላል ላይ ቆሜ ስቀልድ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አዴም ያውቁ ነበር፤ ማክሰኞ ማታ ወጥ ጨምረውልኝ ሳመሰግናቸው ፊታቸውን ያዞሩት ለዚያ ነው።

ደግነት እንደሆነ አይጠፋኝም። መኪና እስኪነሣ ይለፌን አስወጥተው፣ የአውቶቡስ ቦታ ይዘው፣ ሁሉን ጨርሰው ነበር የመጡት። ኃላፊው የይለፍ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሲሰጠኝ ግን አንድ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ያኔ ስለምንዎት፣ ይህ ርክክብ በሁለት ቀን የሚያልቅ ኖሯል?»



«ለታመመ አባት የሚሰጥ ፈቃድ መመሪያው ላይ የለም፣ እህቴ» አለኝ። «የሐዘን ግን አለ።»

ጓዲትን ትቶ እህቴ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተነሣሁ።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። ልብስ ሰፊው በመስኮቱ በኩል ቀርበው እጄን ያዙ። እርስዎም ያውቁ ነበር አልኳቸው። «አውቅ ነበር፣ ኢንተላ ኮ። ስትስቂ አይቼ መቆም አቃተኝ» አሉኝ። መኪናው ሲነሣ የመጣብኝ ልቅሶ የአባቴ አልነበረም። እሳቸው ከአፈር ከገቡ በኋላ የሳቅኩት ሳቅ ነው ያንገበገበኝ። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ እስከ ጊቤ ድረስ ስለ እሱ ነው ያለቀስኩት።

ጊቤን ሳንሻገር ኬላው ላይ ውረዱ ተባልን። ቡና ደብቆ የሚያሳልፍ ሰው ይበዛል ተብሎ በዚያን ጊዜ ፍተሻው የጠና ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ የሰዉን ጓዝ ከጣሪያ አውርደው መሬት ላይ ዘረገፉት፤ የአንዲት እናት የሕፃን ልብስ ሳይቀር እየተራገፈ ታየ። አንዱ ገብቶ እኔን ተነሽ አለኝ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ቀደመችኝ።

«ተዋት፣ ወንድሜ። አባቷን ተረድታ ነው።»

አዘቅዝቄ የለበስኩትን ነጠላ አየ። እጁ ጓዜ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳይፈታው መለሰው። «ነፍስ ይማር» ብሎ ወረደ። ሌላው ሁሉ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ የተበተነ ዕቃውን ሲለቅም፣ እኔ ብቻዬን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው።