ከመዝገብ ቤት የመጡ ያልተዘጉ መስመሮች

እንጅባራ ከመጣሁ ሁለተኛው ክረምት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ብቻ ነኝ። ቢሮዬ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አብሮኝ የሚውለው ሰርቨሩ ብቻ ነው። የሠራተኛውን ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል የያዘው እሱ ነው። ጠዋት ማንም ሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሰርቨሩ አውቆ ካላስገባው ሥራ አይጀምርም።

እኔን የሚያውቀኝ ሰው ግን ጥቂት ነበር። የመጣሁት ከደብረ ማርቆስ ነው፤ የአካባቢውን ቋንቋ አዊኛን አልችልም። ምሳ ላይ ባልደረቦቼ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ይጀምሩና ጨዋታው ሲሞቅ ሳይታወቃቸው ወደ አዊኛ ይገባሉ። ሲስቁ እኔም ፈገግ እላለሁ። በኋላ ምሳዬን በሳህን ይዤ ቢሮዬ መብላት ጀመርኩ። ማንም ክፉ ነገር አላደረገብኝም፤ ማንም ለምን ቀረሽ አላለኝም እንጂ።

ሐምሌ ላይ ሰርቨሩ ያስቸግር ጀመር። ጠዋት ደህና ይነሳና ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰው አላስገባ ይላል። ሳየው ሚሞሪው ሞልቷል። አጥፍቼ ሳስነሳው ይሻለዋል፤ በማግስቱ ያው ነው። ሚሞሪ ጨመርኩለት፤ ከሦስት ቀን በላይ አላቆየውም። ስልኬ ጠርቶ በማያውቀው መጠን ይጠራ ነበር። ኃላፊው ኔትወርኩን ጠረጠሩ፤ እኔም ዝናቡ አበላሽቷቸው ይሆናል ብዬ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ምንም አላገኘሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ከሰርቨሩ ጋር የተገናኙትን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ከፍቼ እያንዳንዱ ወደ ሰርቨሩ የከፈታቸውን መስመሮች ቆጠርኩ። ሌሎቹ ሁለት ወይ ሦስት መስመር ነበራቸው፤ አንዱ ግን በመቶ የሚቆጠር። መስመር ከፍቶ ይጠይቃል፣ ሳይዘጋው ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላ ይከፍታል። ሰርቨሩም ይመለሳል ብሎ ለእያንዳንዱ ቦታ ይዞ ይጠብቃል። ሚሞሪው የሚያልቀው በመጠበቅ ነበር። ኮምፒውተሩ ያለው ከጓሮ በኩል በአሮጌው ሕንፃ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው።

ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው፤ ጋቢ ተከናንበው ከፋይል መደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። እንደነገሩኝ፣ ፋይል መፈለጊያው ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ እየቆመ አልንቀሳቀስ ይላቸዋል፤ እሳቸውም በግድ እየዘጉ እንደገና ይከፍቱታል፤ የቀድሞው መስመር ግን ሳይዘጋ ይቀራል። ፕሮግራሙን የሠራው ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሲሆን ሥራ ለቆ ሄዷል።

«ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?» አልኳቸው።

«ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነዋ። አሮጊቷ ነካክታ አበላሸችው እንዳልባል ፈራሁ። ደግሞ አንቺም በር ዘግተሽ ስለምትውዪ፣ ሰው የማትወጂ መስለሽኝ ነበር።»

ቋንቋውን ስለማልችል እንደሆነ ነገርኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ።

ሁለት ቀን እሳቸው ዘንድ ሠራሁ። ፕሮግራሙ ጠይቆ ሲጨርስ መስመሩን እንዲዘጋ አስተካከልኩ፤ ሰርቨሩም ለጥቂት ደቂቃ ዝም ያለን መስመር ራሱ እንዲቆርጥ አደረግኩ። በሁለተኛው ቀን መሥራቱን ለማየት የራሴን ፋይል ፈልገን ከመደርደሪያው አወጣን። ቅጹ ላይ የቅርብ ተጠሪ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። እናቴ የሞተችው በተቀጠርኩበት ዓመት ነው፤ ቅጹን ስሞላ ማንን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ትቼው ነበር። ይህን ስነግራቸው ፋይሉን ወደ እኔ ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ሰጡኝ።

«ሰው እስክታገኚ የኔን ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ አላስቸገረም። ስልኬም ዝም አለ፤ አንዳንድ ቀን እስከ መውጫ ሰዓት አንድም ሰው ሳያናግረኝ እውል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ግን መዝገብ ቤት ሄጄ ከሳቸው ጋር ምሳ እበላ ነበር። ጥቂት አዊኛም አስተማሩኝ፤ ስሳሳት አይስቁብኝም ነበር።

በዓመቱ ጡረታ ወጡና ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ጥር ላይ ደወልኩላቸው። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር መጀመሪያ ድምፄን አላወቁትም። በአዊኛ ሰላምታ ስሰጣቸው ሳቁና ስለ ድንች አዝመራቸው ያወሩኝ ጀመር። ግማሹ አልተሰማኝም፤ ቢሆንም እስኪጨርሱ አዳመጥኩ።